መኪናው ሳይሠራ ፕሮግራም የጻፈች ሴት፦ የኤዳ ላቭሌስ የሕይወት ታሪክ

ሰው ደክሞ የሠራውን ሥራ ፍሬውን ሳያይ ቢሞት፣ ድካሙ ከንቱ ነው ሊባል ይገባልን? ይህ ጥያቄ ዘንድሮ እኛን የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አከራክሮናል። ከመካከላችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ የጀመርን ጥቂቶች አለን። ወላጆቻችን እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርተን ስንቀመጥ ያዩናል፤ የምንሠራው ነገር ግን እንደ ጠረጴዛ የሚዳሰስ፣ እንደ እህል የሚሰፈር አይደለምና ምን እንደሆነ ለማስረዳት ይቸግረናል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ፣ በዚህ ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ስሟ የሚነሣውን የእንግሊዛዊቱን የኤዳ ላቭሌስን ታሪክ ለማቅረብ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ኤዳ በዲሴምበር 10 ቀን 1815 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባቷ ሎርድ ባይረን በመላው አውሮፓ ስሙ የገነነ ባለቅኔ ነበረ። እናቷ አናቤላ ሚልባንክ ደግሞ ሒሳብን የምትወድ፣ በነገሯ ሁሉ ጥንቃቄ የምታበዛ ሴት ነበረች። የእሳትና የውሃ ጋብቻ ብዙ አይሰነብትምና፣ ኤዳ ገና የአንድ ወር ሕፃን ሳለች እናቷ ታቅፋት ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። አባትየውም በዚያው በ1816 ዓ.ም. አገሩን ለቆ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን በዓይኑ አላያትም። በ1824 ዓ.ም. በግሪክ አገር ሲሞት ኤዳ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች።

እናቲቱ የአባትየው የችኩልነት ጠባይ በልጅቱ ላይ እንዳይወርድ አጥብቃ ትሠጋ ነበር። መድኃኒቱ ሒሳብ ነው ብላ ስላመነች፣ ገና ከሕፃንነቷ ጀምሮ መምህራን ቀጥራ ቍጥርን አስተማረቻት። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን አይቀበሉም ነበር፤ ስለዚህ ኤዳ ትምህርቷን የተከታተለችው በቤት ውስጥና በደብዳቤ ነው። ሆኖም የአባቷ ልጅ መሆኗ አልቀረም። በ1828 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለች መብረር አለብኝ ብላ ተነሣች። ነገር ግን እንደ ሌላ ልጅ ተመኝታ ብቻ አልተወችውም፤ የወፎችን አካል መረመረች፣ የክንፋቸውን መጠን ከሰውነታቸው ጋር አነጻጸረች፣ ክንፉ ከወረቀት ወይስ ከሐር ቢሠራ እንደሚሻል አሰላሰለች። አባቷ በግጥም ይበር ነበር፤ ልጁ ግን ለመብረር መለኪያ ያዘች።

በሚከተለው ዓመት ኩፍኝ ያዛትና እግሮቿ አልታዘዝ አሉ። ብዙ ወራት ከአልጋ ሳትወርድ ኖረች፤ በ1831 ዓ.ም. ገደማ በምርኵዝ መሄድ ጀመረች። መጽሐፍና አሳብ ከእርሷ ያልተለዩት በዚህ ጊዜም ነው።

በጁን ወር 1833 ዓ.ም. የ17 ዓመት ወጣት ሳለች በአንድ ግብዣ ላይ ከሒሳብ ሊቁ ከቻርልስ ባቤጅ ጋር ተዋወቀች። ባቤጅ ያን ጊዜ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ እናትና ልጅ ወደ ቤቱ ሄደው፣ ሰዎች ሁሉ የሚያወሩለትን የሒሳብ መኪና ተመለከቱ። ይህም መኪና ጥርስ ያላቸው የናስ መንኰራኵሮች በዓምድ በዓምድ ተደርድረው የተሠራ ነበረ፤ እጀታው ሲዞር የሒሳቡ መልስ በመንኰራኵሮቹ ላይ ይታይ ነበር። የታየው ክፍል ብቻ ወደ 2000 የሚጠጉ ዕቃዎች ነበሩበት። ሌሎች እንግዶች እንደ ትርኢት ተመልክተው ሲደነቁ፣ ኤዳ አሠራሩን ለመረዳት ጠጋ ብላ ትመለከት እንደ ነበረ አብረዋት የነበሩ ሰዎች መስክረዋል።

ይህ መኪና ስለ ምን እንዳስፈለገ መግለጽ ይገባናል። በዚያን ዘመን መርከበኛውም፣ ከዋክብት ተመልካቹም፣ መሐንዲሱም ሥራውን የሚሠራው አስቀድመው በተሰሉ የቍጥር ሠንጠረዦች ነበር። እነዚህን ሠንጠረዦች በእጃቸው የሚያሰሉ ሰዎች ነበሩ፤ ኮምፒዩተር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ያን ጊዜ የሰው የሥራ ስም እንጂ የመኪና ስም አልነበረም። ሰው ደግሞ ይደክማል፤ ሲደክምም ይሳሳታል፤ አታሚውም በፊናው ስሕተት ይጨምራል። በተሳሳተ ሠንጠረዥ የሚጓዝ መርከብ ከዓለት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ባቤጅ ይህን ሁሉ አይቶ፣ በመደመር ብቻ ሠንጠረዥ የሚያሰላ መኪና ለመሥራት ተነሣ። የእንግሊዝ መንግሥትም ከ17 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጣለት። ነገር ግን ባቤጅ ከዋናው የእጅ ባለሙያ ጋር ስለ ገንዘብ ተጣላ፤ ሥራውም በ1833 ዓ.ም. ቆመ፤ መንግሥት በ1842 ዓ.ም. ጨርሶ እጁን አነሣ።

ኤዳ በ1835 ዓ.ም. ዊልያም ኪንግ የሚባል መስፍን አገባች። ባሏ በ1838 ዓ.ም. የላቭሌስ ኧርል የሚል ማዕረግ ስላገኘ እርሷም ሌዲ ላቭሌስ ተባለች። ሦስት ልጆች ወለደች። ትዳርና ልጅ ግን ከትምህርት አላስቀራትም፤ ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ ኦገስተስ ደ ሞርጋን ከሚባለው የታወቀ የሒሳብ ፕሮፌሰር ዘንድ በደብዳቤ ከፍተኛ ሒሳብ ተማረች። ደብዳቤዎቿን ያነበቡ ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ ያልገባትን ነገር ገብቶኛል ብላ አታልፍም ነበር፤ አንዱን ነጥብ ደጋግማ ትጠይቅ ነበር። እኛ ግን መምህሩ ገብቷችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁ ክፍሉ በሙሉ አዎን እያለ የሚመልስበት ቀን ብዙ ነው።

ባቤጅ የመጀመሪያው መኪና ሳያልቅ በ1834 ዓ.ም. ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ሌላ መኪና አሰበ። ይህኛው አንድ ዓይነት ሒሳብ ብቻ የሚሠራ ሳይሆን፣ የታዘዘውን ሒሳብ ሁሉ የሚሠራ ነው። ሁለት ዋና ክፍሎች ነበሩት። ቍጥሮቹ የሚቀመጡበትን ጎተራ አለው፤ ሒሳቡ የሚሠራበትን ደግሞ ወፍጮ አለው። እህል ከጎተራ ወጥቶ ወደ ወፍጮ ገብቶ ዱቄት ሆኖ እንደሚመለስ፣ ቍጥሩም እንደዚሁ ይመላለሳል። የዛሬው ኮምፒዩተርም በመሠረቱ በዚሁ አሳብ ይሠራል።

ትእዛዙስ እንዴት ይሰጠዋል? ይህን ባቤጅ ያገኘው ከሸማኔ ነው። በአገራችን ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ፣ የትኛው ድር መነሣት፣ የትኛው መተኛት እንዳለበት በራሱ ቈጥሮ ያውቃል። ዣካር የሚባል ፈረንሳዊ በ1804 ዓ.ም. ይህን ቈጠራ ከሸማኔው ራስ አውጥቶ ቀዳዳ ባላቸው ካርዶች ላይ አደረገው። ቀዳዳ ባለበት ድሩ ይነሣል፤ በሌለበት ይቀራል። ካርዱ ሲለወጥ ጥለቱ ይለወጣል፤ መሣሪያው ግን ያው ነው። ባቤጅ በ24 ሺህ ካርዶች የተሠራ፣ በሐር የተሸመነ የዣካር ምስል ቤቱ ውስጥ ነበረው። መኪናውም በእንደዚህ ያለ ካርድ እንዲታዘዝ ወሰነ። ፕሮግራም የምንለው ይህ ነው፤ መሣሪያው ሳይለወጥ ሥራውን የሚለውጥ የትእዛዝ ተርታ ማለት ነው።

በ1840 ዓ.ም. ባቤጅ ወደ ቱሪን ከተማ ተጋብዞ ስለዚህ አሳብ ንግግር አደረገ። በኋላ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን የበቃው ወጣቱ መሐንዲስ ሉዊጂ ሜናብሬያ ንግግሩን መሠረት አድርጎ በፈረንሳይኛ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ጽሑፉም በ1842 ዓ.ም. ታተመ። ኤዳ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመችው። ባቤጅም አሠራሩን ይህን ያህል የምታውቅ ከሆነ ስለ ምን የራሷን እንዳልጻፈች ጠይቆ፣ ማብራሪያ እንድትጨምርበት አሳሰባት። እርሷም ሰባት ማብራሪያዎች ጨመረችበት፤ ማብራሪያዎቹ ከዋናው ጽሑፍ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኑ።

የ1843 ዓ.ም. በጋ ለኤዳ ከባድ የሥራ ወቅት ነበር። ጤናዋ አይረጋም፤ በቤት ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ልጆች አሉ፤ ከአታሚው ዘንድ ጥድፊያ አለ። በእርሷና በባቤጅ መካከል ደብዳቤ ያለ ዕረፍት ይመላለስ ነበር። የጨረሰችውን ታፈርሳለች፤ ያፈረሰችውን ደግማ ትሠራለች። ትልቁን ሠንጠረዥ በእርሳስ ስትጽፍ ባሏ ተከትሎ በቀለም ያደምቅላት ነበር።

ይህ ሠንጠረዥ ዛሬ ስሟን ያስጠራው ነው። መኪናው ምን ለመሥራት እንደሚችል ለማሳየት የበርኑሊን ቍጥሮች መረጠች። እነዚህ ቍጥሮች በስዊሱ ሊቅ በያዕቆብ በርኑሊ ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ሊቁ ስለ እነርሱ የጻፈው መጽሐፍም የታተመው ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ በ1713 ዓ.ም. ነው። ለምሳሌ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቍጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አብዝተን ለመደመር ብንፈልግ፣ በእነርሱ ርዳታ አንድ በአንድ ሳንደምር መልሱን ለማግኘት እንችላለን። ኤዳ ሥራውን በ25 ተራ ከፋፈለችው። በየተራው የትኛው ቍጥር ከየት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚደረግበት፣ መልሱ የት እንደሚቀመጥ ጻፈች። ከ13ኛው እስከ 23ኛው ተራ ያለውን ደግሞ መኪናው እየደጋገመ እንዲሠራው አዘዘች። እኛ ፕሮግራም ስንጽፍ ዘወትር የምንጠቀምበት የመድገም ትእዛዝ እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል።

እዚህ ላይ ልብ የሚያስፈልገው ነገር አለ። መኪናው አልተሠራም ነበር። ኤዳ ፕሮግራሟን አስነሥታ ትክክል መሆኑን ለማየት የምትችልበት መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። መኪና መሆን የነበረባት ራሷ ናት፤ እያንዳንዱን ተራ በአሳቧ እየሮጠች ቍጥሩን ትከተል ነበር። ባቤጅ ድካሟን ለማቃለል የአልጀብራውን ሥራ ሠርቶ ላከላት፤ እርሷ ግን የሊቁ ሥራ ነው ብላ ዝም ብላ አልተቀበለችውም። መርምራ ከባድ ስሕተት አገኘችበትና መለሰችለት። ይህንን በ1864 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ያመነው ባቤጅ ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም በታተመው ሠንጠረዥ በ4ኛው ተራ ላይ ስሕተት ገብቶ ይገኛል፤ አካፋዩና ተካፋዩ ቦታ ተለዋውጠዋል። የእርሷ ይሁን የአታሚው ተረጋግጦ አልታወቀም። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ግን ይህች ትንሽ ስሕተት የምታጽናና ናት፤ የምታስፈራም ናት።

ማብራሪያዎቹ ስለ ቍጥር ብቻ አልተናገሩም። ኤዳ መኪናው ቍጥርን ለመሥራት ከቻለ፣ በቍጥር ሊወከል የሚችለውን ነገር ሁሉ ለመሥራት ይችላል የሚል አሳብ ገለጸች፤ የዜማ ድምፆች ግንኙነት በሥርዓት ቢጻፍለት ሙዚቃ እንኳ ሊያቀናብር እንደሚችል ጻፈች። ከባቤጅ ይልቅ አርቃ ያየችው በዚህ ነው ይባላል። በዚያው ጽሑፍ ደግሞ ሰው ከመጠን በላይ እንዳይደነቅ አስጠነቀቀች። መኪናው ከራሱ ምንም አያመነጭም፤ እኛ ልናዝዘው የምናውቀውን ብቻ ይፈጽማል አለች። አለን ቱሪንግ የተባለው ሊቅ በ1950 ዓ.ም. መኪና ያስባል ወይ ብሎ በጻፈ ጊዜ ይህን የእርሷን አሳብ አንሥቶ ተከራክሮበታል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬም አልተዘጋም።

የዚህን ቃል እውነት እኛም በራሳችን ሥራ አይተነዋል። የክፍላችንን ተማሪዎች አማካይ ውጤትና ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ሥራው በአንድ አፍታ ሲያልቅ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ አንዱንም መልስ በወረቀት ሳናረጋግጥ ለክፍሉ አነበብነው። በማግሥቱ አንድ ጓደኛችን ዝም ብሎ ደብተሩን ይዞ መጣ። ታምሞ አንድ ፈተና አልተፈተነም ነበር፤ መምህሩም ያን ትምህርት ከሒሳብ እንዲወጣለት ፈቅደውለት ነበር። የእኛ ፕሮግራም ግን ባዶውን ቦታ ዜሮ ብሎ ቈጥሮ ከክፍሉ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው። እኛ ወዲያው ኮምፒዩተሩ ተሳሳተ አልን። ልጁ ምንም አልመለሰልንም፤ ብቻውን ሄዶ እንደ ተቀመጠ እናስታውሳለን። ኮምፒዩተሩ ግን ያዘዝነውን ነበር የፈጸመው። ስላልተፈተነ ተማሪ ያላሰብነው እኛ ነን፤ እርሱ ሊያስብልን አይችልም። መኪና ያልነበራት ሴት እያንዳንዱን ተራ በእጇ ስትመረምር፣ መኪና በእጃችን ያለን እኛ መኪናውን አምነን መመርመርን ተውን። ከኤዳ ሕይወት የተማርነው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ወደ ታሪኳ እንመለስ። ማብራሪያዎቹ ሊታተሙ ሲሉ በሁለቱ ወዳጆች መካከል ጠብ ገባ። ባቤጅ በመንግሥት ላይ የነበረውን ቅሬታ የሚገልጽ፣ ስሙ ያልተጻፈበት መቅድም ከጽሑፏ ጋር እንዲወጣ ፈለገ። ኤዳ ግን የሳይንስን ጽሑፍ የክስ ማመልከቻ አላደርገውም ብላ በእምቢታ ጸናች። እርሱ የ51 ዓመት የታወቀ ሊቅ፣ እርሷ የ27 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ሆኖም ሐሳቧ አልተለወጠም። ጽሑፉ ያለ መቅድሙ በ1843 ዓ.ም. ወጣ። ከሥሩም ሙሉ ስሟ ሳይሆን የስሟ የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ተጻፉ። በኋላ ታርቀው ወዳጅነታቸው እስከ ሞቷ ዘለቀ።

የኋለኛው ሕይወቷ እንደ መጀመሪያው አላማረም፤ እውነቱን ለመሸሸግ አንፈልግም። በፈረስ እሽቅድድም ላይ ገንዘብ ማስያዝ ለመደች፤ በሒሳብ ችሎታዋም አሸንፋለሁ ብላ ተማምና ነበር። ውጤቱ ግን ብዙ ሺህ ፓውንድ ዕዳ ሆነ፤ የቤተ ሰቡን ዕንቍ ጌጥ በመያዣ እስከ መስጠት አደረሳት። ሠንጠረዡን በዚያ ጥንቃቄ የመረመረች አእምሮ፣ የራሷን ምኞት በዚያው ጥንቃቄ አልመረመረችም። በዚህ ላይ የማኅፀን ካንሰር ያዛትና ብዙ ከተሠቃየች በኋላ በኖቬምበር 27 ቀን 1852 ዓ.ም. በ36 ዓመቷ ዐረፈች። አባቷም የሞተው በ36 ዓመቱ ነበር። በሕይወት ሳለች ያላወቀችው አባቷ ባረፈበት በሐክናል ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ፈቃዷ በጎኑ ተቀበረች።

ባቤጅ በ1871 ዓ.ም. ሲሞት መኪናው አሁንም በወረቀት ላይ ነበረ። የኤዳም ማብራሪያ ብዙ ዓመት ሳይነበብ ቈየ፤ እውነተኞቹ ኮምፒዩተሮች ከተሠሩ በኋላ በ1953 ዓ.ም. እንደ ገና ሲታተም ዓለም ተደነቀ። የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ላሠራው የፕሮግራም ቋንቋ ኤዳ የሚል ስም ሰጠው፤ ደንቡ በ1980 ዓ.ም. ሲጸድቅ የልደት ዓመቷን 1815ን የደንቡ ቍጥር አደረጉት። በሎንዶን የሚገኘው የሳይንስ ሙዚየምም ባቤጅ ዘግየት ብሎ የነደፈውን ሁለተኛውን የሠንጠረዥ መኪና በ1991 ዓ.ም. ሠርቶ አሳየ፤ የማተሚያው ክፍል ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ተጨመረ። መኪናው 8000 ዕቃዎች ያሉት፣ 5 ቶን የሚመዝን ሲሆን፣ ያለ ስሕተት አሰላ። ኤዳ ፕሮግራም የጻፈችለት ትልቁ መኪና ግን ባቤጅ እንዳሰበው ሆኖ በሙሉ አልተሠራም።

አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ባቤጅ ራሱ ከ1843 በፊት በማስታወሻ ደብተሮቹ ለመኪናው የሥራ ተርታ ጽፎ ነበርና፣ ኤዳ የመጀመሪያዋ የፕሮግራም ጸሐፊ ናት መባሉ አይገባም ይላሉ። ለእኛ ማዕረጉ ዋናው ነገር አይደለም። ሥራውን ገልጻ፣ በሥርዓት ጽፋና አሳትማ ለሚመጣው ትውልድ ያቆየች እርሷ መሆኗ አይካድም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን እነሆ። ሥራ በሠሪው ዕድሜ ልክ አይለካም። ዛፍ ተክሎ ጥላው ሳይደርስለት የሞተ ሰው ዛፉ ከንቱ ነው አይባልም፤ ከጥላው ሥር የሚቀመጥ ሰው ግን የተካዩን ስም ማወቅ ይገባዋል። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ስንሄድ አንዳንዶቻችን ይህን ሙያ እንከተል ይሆናል፤ የምንጽፈውም ሳይሠራ፣ ወይም ስማችን ሳይጠራ ይቀር ይሆናል። ወላጆቻችን በዚህ አይዘኑብን። መምህሮቻችንም ከሁሉ ይልቅ መልሳችንን በወረቀት እንድናረጋግጥ ሳይታክቱ ያስገድዱን። ከእኛ በታች ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንተወው ምክርም ይኸው ነው፤ ፕሮግራማችሁ ሲሠራ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት፣ ታምሞ ፈተናውን ያልተፈተነውን ያን አንድ ተማሪ አስቡት።